ቤት ከቀየርን በኋላ ራሱ የሚጫወተው ፒያኖ አየር አልይዝ አለ፤ ከየት ልጀምር?

ባለጥቅልሏ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤት ቀየርን። ከዕቃው ሁሉ ያሳሰበኝ ፒያኖው ነበር። ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም፣ በእግር የሚረገጥ፣ የወረቀት ጥቅልል ሲገባለት ራሱን በራሱ የሚጫወት የድሮ ፒያኖ ነው። ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ የመጣ። አራት ሰዎች ተሸከሙት። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አላልፍ ሲላቸው በጀርባው አስተኝተው አሳለፉት። ያኔ ከሆዱ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ሳምንት አሳርፌው ጥቅልል አስገባሁና መርገጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ድሮ ፔዳሉን ስረግጥ እግሬን መልሶ ይገፋኝ ነበር። አሁን በባዶው ይወርዳል። ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ይጎተታል። ሙዚቃው ደመቅ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ጭራሽ ይቆማል። ሁለት ቁልፎች ደግሞ መርገጥ እንደጀመርኩ ማንም ሳይነካቸው ወርደው ይቀራሉ። መርገጤን እስካቆም አይነሱም።

አንድ ድምፅ ደግሞ የለም። ይህን ያወቀው አባቴ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው። ሌላኛው ክፍል ተቀምጦ «ከታች ያለው ሶል የት ሄደ?» አለኝ። ሄጄ ቁልፉን በጣቴ ስነካው ይሠራል። በጥቅልሉ ግን ዝም ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዴ ዜማው በሙሉ አንድ ቦታ ወደ ጎን የተንሸራተተ ይመስላል። ትክክለኛውን ድምፅ ትቶ ጎረቤቱን ይመታል። እሱን መስማት ያሳምማል።

በእጅ ስጫወት ሁሉም ቁልፍ ይሠራል። ቅኝቱ ብቻ ተበላሽቷል።

ወንድሜ ሲሊኮን ገዝቶ መጥቷል፤ «ስንጥቁን ሁሉ እንድፈነው» ይላል። እኔ እጄን ማስገባት ፈርቻለሁ። የላይኛውን በር ከፍቼ ሳየው የጎማ ቱቦ መዓት ነው። አባቴ ማታ ማታ «ዛሬስ?» ይለኛል። ከየት ልጀምር?


የወናፍ ወዳጅ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሲሊኮኑን ከዚያ ክፍል አስወጪልኝ።

እነዚህን ፒያኖዎች ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወድቆ የተሰበረ ሲመጣልኝ እንኳ ተስፋ አልቆርጥም። ሲሊኮን የተቀባ ሲመጣ ግን ልቤ ይወርዳል። ውስጡ ያለው እንጨት፣ ቆዳና ጨርቅ የተያያዘው በቆዳ ሙጫ ነው። የቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። ስለዚህ ክፍሉን ፈትቶ፣ አድሶ፣ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። የሠሩትም ሰዎች አንድ ቀን እንደሚፈታ አውቀው ነው። ሲሊኮን ግን እንጨቱ ላይ ቅባቱን ትቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሙጫ አይዝም።

አሁን ወደ ነገሩ። የዘረዘርሻቸውን ችግሮች የተለያዩ በሽታዎች አድርገሽ አትያቸው። የዚህ ፒያኖ ነፍሱ አየር ነው። የሚነፋ አየር ግን አይደለም፤ የሚመጠጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ከታች ያሉት ትልልቅ ወናፎች ከፒያኖው ሆድ ውስጥ አየር መጥጠው ያወጣሉ። ወረቀቱ የሚያልፍበት የነሐስ ዘንግ ላይ ደግሞ 88 ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ። በወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም የውጭ አየር ሽው ብሎ በቱቦው ይገባል። በቱቦው ጫፍ ሳንቲም የምታክል ስስ ቆዳ አለች። አየሩ ቆዳዋን ወደ ላይ ይገፋታል፤ እሷ ቫልቭ ታነሳለች፤ ቫልቩ ለዚያ ድምፅ የተመደበውን ትንሽ ወናፍ ከሚመጠጠው ክፍል ጋር ያገናኘዋል። ትንሹ ወናፍ ጭምድድ ይላል። ሲጨማደድ መዶሻውን ያስፈነጥረዋል። የወረቀቱ ቀዳዳ ሲያልፍ ከቆዳዋ ስር የቀረው አየር በመርፌ ቀዳዳ በምትመስል ማፍሰሻ በኩል ይመጠጣል፤ ቆዳዋ ትወርዳለች፤ ቁልፉ ይነሳል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም።

ይህን ከያዝሽ አንድ ነገር ተገልብጦ ይታይሻል። የወለቀ ወይም የተቀደደ ቱቦ ድምፅ አያጠፋም። የውጭ አየር ያለ ከልካይ ስለሚገባ ቁልፉን አውርዶ ያስቀረዋል። ድምፅ የሚያጠፋው የተደፈነ ቱቦ ነው። ስለዚህ ወርደው የቀሩት ሁለቱ ቁልፎችና የጠፋው ሶል ምክንያታቸው ተቃራኒ ነው።

ግን ወደ እነሱ አትሂጂ፤ ገና ነው። ከእግር ጀምሪ። ወናፉ ጉልበት ከሌለው ላይኛው ክፍል ምንም ጤነኛ ቢሆን የታመመ ይመስላል።

መጀመሪያ ምንም ሳትፈቺ ይህን ሞክሪ። ጥቅልሉን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ማንሻ ታውቂዋለሽ። ማንሻው መመለሻው ላይ ሲሆን ፒያኖው ድምፅ እንዳያሰማ የላይኛው ክፍል ከወናፉ ይቆረጣል። አየር የሚያገኘው ወረቀቱን የሚያዞረው ሞተር ብቻ ነው። እዚያ ላይ አድርገሽ ርገጪ። እግርሽ ጠንካራ ነገር ካገኘና ወረቀቱ በፍጥነት ከተመለሰ ከታች ያለው ወናፍ ደኅና ነው፤ አየሩ የሚያመልጠው ከላይኛው ክፍል ወይም ወደዚያ ከሚወስደው ትልቅ ቱቦ ነው። እዚያም በባዶው ከወረደ ጥፋቱ ከታች ነው።

ቀጥሎ ከጉልበትሽ ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ አውጪው። ከላይ በኩል፣ ከቁልፎቹ ጠረጴዛ ስር፣ አንድ የብረት ስፕሪንግ ይይዘዋል። ስፕሪንጉን ወደ ላይ ጫን አድርገሽ ሰሌዳውን ወደ ራስሽ ሳቢው። ባትሪ አብሪና እይ። የእጅ አንጓ የሚያህል ወፍራም ቱቦ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ዕቃ ሲጓጓዝ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ጎማው ያረጀ ይሆናል፤ ፒያኖው ሲተኛ የላይኛው ክፍል ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ቱቦው አይለጠጥም፣ ጫፉ ይሰነጠቃል ወይም ከአፉ ይወጣል። ከኋላ በኩል ለማየት ትንሽ መስታወት ያዢ።

የወናፉን ጉልበት ብቻውን ማወቅ ከፈለግሽ ቱቦውን ከላይ አውልቀሽ አፉን በመዳፍሽ ግጠሚው፤ ሌላ ሰው ይርገጥ። መዳፍሽን አጥብቆ ከያዘ ወናፉ ጤነኛ ነው።

ምንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ቱቦ ስታወልቂም ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ለጥፊ። በዚህ ላይ መስነፍ የለም። ቱቦዎቹ ሁሉ መልካቸው አንድ ነው። የተሳሳተ ቦታ የገባ ቱቦ ፈልጎ ማግኘት ከጥገናው በላይ ያደክማል።


የክር ቃኚ፦

እንደምን አሉ። እኔ ስለ ቅኝቱ ብቻ ልናገር።

አሁን አያስቃኙት። ፒያኖው አዲሱን ክፍል ገና አልለመደውም። እንጨቱ ከክፍሉ አየር እርጥበት ይጠጣል ወይም ይለቅቃል፤ ከክሮቹ ስር ያለው ሰፊ የድምፅ ሰሌዳ አብሮ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ክሮቹ ከ200 በላይ ናቸው፤ የሁሉም ውጥረት ቢደመር ብዙ ቶን ነው። ሰሌዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቅኝቱ አብሮ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይበቃል። የእርስዎ ግን ጥገናውም መቅደም አለበት። የወረቀቱ ሳጥንና ወናፎቹ ከክሮቹ ፊት ስለሚቆሙ ቃኚው ይቸገራል፤ መፈታታቱ ካለቀ በኋላ ይጥሩት።

ቦታውንም ይመልከቱ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ከሆነ ያንቀሳቅሱት። ወለሉ እኩል መሆኑንም ያረጋግጡ። አንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ከሆነ አካሉ ይጣመማል፤ የተጣመመ አካል ውስጥ ደግሞ ወናፎቹና መዶሻዎቹ አይገናኙም።


ፈጣን እጅ፦

ለጠፋው ድምፅ ቀላል መፍትሔ አለ። የቤት ማጽጃውን ቫኪዩም የነሐሱ ዘንግ ላይ ግጠሚና በሙሉ ኃይሉ ክፈቺው። ኮምፕሬሰር ካለም አየር ንፊበት። ቀዳዳው በሙሉ ይጸዳል።


የወናፍ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ። ግን እባክሽ እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ኮምፕሬሰር ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ቆዳዎቹንም ሊቀድ ይችላል። የቤት ቫኪዩም ደግሞ ያረጀችን ቆዳ ከተጣበቀችበት እስከመንቀል ሊደርስ ይችላል። እነዚያ ቆዳዎች በጣም ስስ ናቸው። ለዚህ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ በዘንጉ ቀዳዳ ልክ አፍ ያላት ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለች። እሷ ከሌለች የአንዱን ድምፅ ቱቦ ብቻ በሁለቱም ጫፍ አውልቆ ለብቻው ማጽዳት ነው።


ባለጥቅልሏ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ማታ ሙሉ እርስዎ የጻፉትን ስልኬ ላይ ከፍቼ ስሠራ ነበር።

መመለሻው ላይ አድርጌ ስረግጥ እግሬ ጠንካራ ነገር አገኘ። ወረቀቱም እየበረረ ተመለሰ። መጫወቻው ላይ ስመልሰው እንደገና ባዶ። ስለዚህ ጥፋቱ ከላይ ነው ብዬ ሰሌዳውን አወጣሁ።

ወፍራሙ ቱቦ ከፊት ሲታይ ደኅና ነበር። መስታወት ይዤ ከኋላው ሳየው ግን የላይኛው ጫፉ በግማሽ ወጥቷል። ማሰሪያ ቀለበቱ ላልቷል፤ ጎማው የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። አወለቅኩት። ወንድሜ ረገጠ፣ እኔ መዳፌን ገጠምኩ። ጋሼ፣ እጄን ማላቀቅ አቃተኝ! በደስታ ጮህኩ።

ቱቦው ረዘም ያለ ስለሆነ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ የቀረውን መልሼ አስገባሁና ቀለበቱን አጠበቅኩት። ፔዳሉ ወደ ቀድሞ ነገሩ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው።

ሁለቱ የወረዱት ቁልፎች ግን እንደወረዱ ናቸው። የአንደኛው ቱቦ ከዘንጉ ጀርባ ትንሽ ወጥቶ አገኘሁትና መልሼ ገፋሁት፤ ቁልፉ ወዲያው ተነሳ። የሁለተኛው ቱቦ ሁለቱም ጫፍ ጥብቅ ነው። ምን ላድርግ? ሶልም አሁንም የለም። መንሸራተቱም አለ።


የወናፍ ወዳጅ፦

ጎበዝ! ቱቦው እስኪያረጅ ድረስ ይህ ይበቃል። አንድ ጫፉ ከተሰነጠቀ ሌላውም ሩቅ አይደለምና ውሎ አድሮ አዲስ ቀይሪለት።

ለሁለተኛው ቁልፍ ጣትሽን ብቻ ነው የምትፈልጊው። ወረቀቱን ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጊው፤ ዘንጉ ሁሉ ይሸፈን። እየተረገጠ ሳለ የዚያን ቁልፍ ቱቦ ወደ ወናፉ የሚገባበት ቦታ አጠገብ በሁለት ጣትሽ ቆንጥጠሽ ዝጊው። ቁልፉ ከተነሳ አየር የሚገባው ከቱቦው ወይም ከዘንጉ በኩል ነው፤ የማይታይ ስንጥቅ ፈልጊ። ቆንጥጠሽውም ካልተነሳ ጥፋቱ ቱቦው ላይ አይደለም፤ ቫልቩ ጋ ነው። ፒያኖው በጀርባው ሲተኛ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ብናኝ ይነሳል። አንዲት ፍንካች ቫልቩ መቀመጫ ላይ ካረፈች ቫልቩ አይዘጋም። እንደዚያ ከሆነ በካቻቪቴ እጀታ ቫልቩ አካባቢ ያለውን እንጨት ቀስ አድርገሽ ኳ ኳ አድርጊው፤ ቱቦውንም ደጋግመሽ እየከፈትሽ እየዘጋሽ ቫልቩ ከፍ ዝቅ እንዲል አድርጊ። ብዙ ጊዜ ፍንካቿ ራሷ ትለቃለች። ካልለቀቀች ብቻ ነው መክፈት።

ለሶሉ ደግሞ ተቃራኒውን። እየተረገጠ ቱቦውን ከወናፉ በኩል አውልቂው። ቁልፉ ከወረደ ወናፉና ቫልቩ ጤነኛ ናቸው፤ የተደፈነው ቱቦው ወይም የዘንጉ ቀዳዳ ነው። ካልወረደ ንገሪኝ።

መንሸራተቱ ሌላ ነገር ነው። እስቲ አስቢው። መደበኛው ጥቅልል 11 ከሩብ ኢንች ስፋት አለው፤ ቀዳዳዎቹ በአንድ ኢንች ውስጥ 9 ይደረደራሉ። ከአንዱ ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ያለው ርቀት 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ በዚያ ልክ ወደ ጎን ከሄደ ሙዚቃው ሁሉ ጎረቤት ይመታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ጥቅልል ሞክሪ። የ88 ድምፅ ጥቅልል ልኬት በ1908 ፋብሪካዎቹ ተስማምተውበት አንድ ስለሆነ የማንም ፋብሪካ ጥቅልል ይገጥምልሻል። ሌላው በትክክል ከተጫወተ የመጀመሪያው ወረቀት በእርጥበት አብጧል ወይም ጠርዙ ተበልቷል ማለት ነው። ሁሉም ከተንሸራተተ ወረቀቱን መሃል ላይ የሚጠብቀውን ክፍል እይ። በብዙዎቹ ላይ የወረቀቱን ጠርዝ በአየር የሚያነቡ ትናንሽ ቀዳዳዎች በዘንጉ ጫፍና ጫፍ አሉ፤ እነሱ ሁለት ትናንሽ ወናፎችን ያዛሉ፤ ወናፎቹ ጥቅልሉን ግራና ቀኝ ይገፉታል። ከሁለቱ የአንዱ ቱቦ ከወጣ ጥቅልሉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይገፋል።


ባለጥቅልሏ፦

ልክ እንዳሉት! በየተራ ልንገርዎ።

ሁለተኛውን ቁልፍ ቆነጠጥኩት፤ አልተነሳም። በካቻቪቴ እጀታ ኳ ኳ አደረግኩ። አስር ጊዜ ያህል። ምንም። ቱቦውን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ደገምኩት። ድንገት ቁልፉ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም።

የሶሉን ቱቦ ሳወልቅ ቁልፉ ዱብ አለ። አባቴ ከወዲያኛው ክፍል «እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። እንግዲህ ቱቦው ነው የተደፈነው። ሁለቱንም ጫፍ አውልቄ በቀጭን ሽቦ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ግራጫ የወረቀት ብናኝ ወጣ፤ ተጠቅልሎ እንደ ጥጥ ሆኗል። ከስንት ጥቅልል የተጠራቀመ ይሆን? አያቴ የረገጠበትም ዘመን እዚያ ውስጥ ይኖራል ብዬ አሰብኩ። በትንሽ ብልቃጥ አስቀመጥኩት።

ጥቅልሎቹን ሁሉ ሞከርኩ፤ ሁሉም ይንሸራተታሉ። ከጥቅልሉ ሳጥን ጎን ሁለቱን ትናንሽ ወናፎች አገኘኋቸው። የአንዱ ቱቦ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። መለስኩት፤ ዜማው ወደ ቦታው ገባ።

አንድ ነገር ቀረ። አሁንም ብዙ ድምፅ አብሮ የሚመታበት ቦታ ሲደርስ ወረቀቱ ይዘገያል። እንደ በፊቱ አይቆምም፤ ግን ይዘገያል። አባቴ «የደከመው ሰው ነው የሚጫወተው» ይላል። ፍጥነቱን የሚያስተካክል ብሎን አይቻለሁ። ላዙረው?


የወናፍ ወዳጅ፦

አታዙሪው! ያ ብሎን የፍጥነት ጠባቂው ነው። ሥራው እግርሽ በረታም ደከመም ወረቀቱ በአንድ ፍጥነት እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሌላ ቦታ ያለን ጥፋት በእሱ ልትሸፍኚ ከሞከርሽ ኋላ ሁለት ጥፋት ይሆንብሻል። እሱ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ለኪ። የፍጥነቱን ማንሻ 70 ላይ አድርጊው። 70 ማለት ወረቀቱ በደቂቃ 7 ጫማ ይሄዳል ማለት ነው፤ ወደ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ገደማ። የማያስፈልግሽን ጥቅልል ወስደሽ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ ሰዓት ይዘሽ አንድ ደቂቃ ርገጪ። ድምፅ በሌለበት ቦታ ልኩን ከመታ ጠባቂው ደኅና ነው፤ የሚያዘገየው የሚጎትት ነገር ነው።

የሚጎትተው ምን ሊሆን ይችላል? ወረቀቱን የሚያዞረው ሞተር በአየር የሚሠራ ነው፤ ተራ በተራ የሚከፈቱና የሚጨማደዱ ትናንሽ ወናፎች አሉት። ከፊታቸው የእንጨት ተንሸራታቾች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ተንሸራታቾቹ ደርቀው ከሆነ የግራፋይት ዱቄት ብቻ ነው የሚቀቡት። ዘይት ጭራሽ እንዳይነካቸው! እንጨቱ ዘይቱን ጠጥቶ ያብጣል፤ አቧራ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያድነውም።

ከዚያ ካቴናዎቹንና ጥርሶቹን እይ። ወረቀቱ ተወጥሮ እንዲሄድ ጥቅልሉ ላይ ትንሽ ፍሬን ያርፋል። ማንሻውን ወደ መመለሻ ስትወስጂው ደግሞ ፍሬኑ ወደ ሌላኛው ወገን፣ ወረቀቱን ወደሚጠቀልለው በርሜል ይዞራል። ይህን የሚቀይረው ከማንሻው ወደ ጥርሶቹ የሚሄድ የብረት ዘንግ ነው። ያ ዘንግ በጉዞ ከተጣመመ ጥርሶቹ በሙሉ አይገቡም፣ ፍሬኑም በርሜሉን በሙሉ አይለቅም። ሞተሩ ሳያርፍ ፍሬን እየጎተተ ይሄዳል ማለት ነው። ጉልበት በተረፈው ሰዓት አይታወቅም። ብዙ ድምፅ አብሮ ሲመታና የመምጠጡ ጉልበት ሲቀንስ ግን ይታወቃል። «ቋ» ያለው ድምፅ እንደሰማሽ ስትነግሪን ከመጀመሪያው እሱን ጠርጥሬ ነበር።


ባለጥቅልሏ፦

ጋሼ! ዘንጉ ነው!

ማንሻውን መጫወቻው ላይ አድርጌ ባትሪ ይዤ ገባሁ። የብረት ዘንጉ መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። ትንሽ ነው፤ ካልነገሩኝ አላየውም ነበር። ማንሻው እስከ መጨረሻው የሄደ ይመስላል፤ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ይቀረዋል። ፍሬኑ በርሜሉን ታክኮት አየሁ። ዘንጉን ፈትቼ አወጣሁት። ወንድሜ በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኝቶ ቀስ እያለ አቀናልኝ። ሲሊኮኑን የገዛው እሱ ነው፤ አሁን ግን ከእኔ በላይ ይህን ፒያኖ ወዶታል።

ዘንጉን ከመለስኩ በኋላ ለካሁት። 70 ላይ በአንድ ደቂቃ 2 ሜትር ከ10 ሄደ። በ3 ሳንቲም ልዩነት ብሎኑን መንካት የለብኝም ብዬ ተውኩት። ልክ ነኝ?

ትናንት ማታ አባቴን አምጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኩት። በልጅነቴ እሱ ሲረግጥ እኔ ከጎኑ ቆሜ ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው ሲወርዱ አይ ነበር። የተጫነው በማይታይ ሰው ይመስለኝ ነበር። ትናንት እኔ ረገጥኩ። እሱ እጁን ቁልፎቹ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈ። ከጣቱ ስር እየወረዱ እየተነሱ ሲሄዱ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። አንዴ ብቻ አቋረጠኝ። ከላይ፣ ከቀኝ በኩል፣ አንድ ድምፅ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም አንዱን ይዘለዋል አለኝ። እኔ አልሰማሁትም። ደግሜ ሳደምጥ እውነቱን ነው።


የወናፍ ወዳጅ፦

ብሎኑን አትንኪው፤ ልክ ነሽ። 3 ሳንቲም የእግርሽ ልዩነት ነው።

የአባትሽ ጆሮ ይገርማል። ሲደጋገም የሚዘል ድምፅ ብዙ ጊዜ የዚያች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ማፍሰሻ ጉዳይ ነው። በግማሽ ከተደፈነች ከቆዳዋ ስር ያለው አየር ቶሎ አይወጣም፤ ቁልፉ ሳይነሳ ሁለተኛው ምት ይመጣል። ይህ የጉዞው ጥፋት አይደለም፤ የዕድሜ ነው። እሱን ለማጽዳት የላይኛውን ክፍል ማውጣት ስለሚያስፈልግ ለአንድ ድምፅ ብለሽ አትክፈቺው። ቃኚው ሲመጣ ያንን ቁልፍ በእጁ ደጋግሞ እንዲመታው ንገሪው። በእጅም ከዘለለ ነገሩ መዶሻው ጋ ነው፤ እሱ ያስተካክልልሻል። በእጅ ደኅና ከሆነ የማፍሰሻዋ ነው፤ ማስታወሻ ያዢላት።

እስከዚያው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ርገጪው። ቆዳው ሲንቀሳቀስ ነው ልስላሴው የሚቆየው።


ባለጥቅልሏ፦

እሺ ጋሼ። ቃኚው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣል። የዘለለውን ቁልፍ በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። ከላይ ሲቆጠር አስራ አራተኛው ነው።